የአሰላው ጠላቂና ያልተከፈተው ሣጥን

የጡረታ ደብዳቤዬን የተቀበልኩ ዕለት ጎረቤቴ ላንብበው አለኝ። ጡረተኛ መምህር ስለሆነ ወረቀት ሲያይ እጁን ይበላዋል። «የሥራ መደብ፦ ጠላቂ» የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና አየኝ።

«ሰይፉ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አጥር ተጋርተን ስንኖር የቧንቧ ሠራተኛ ነበር የምትመስለኝ» አለ። «ለመሆኑ አሰላ ላይ ምን ባሕር አለና ነው የሚጠለቀው?»

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ባለቤቴን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አባቷም ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ሽማግሌዎቹ መልሱን ስላላወቁት «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብለው አለፉት፤ ያን ጊዜ ይህ በቂ ነበር። ለጎረቤቴም፣ ነፍሳቸውን ይማርና ለአማቴም የሚሆነውን መልስ አሁን ጊዜ ስላገኘሁ ልጻፈው።

በደርግ ዘመን በአርሲ ደጋ የመንግሥት እርሻዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ትንንሽ ግድብ ነበራቸው። ግድብ ካለ የብረት በር አለው። የብረት በር ደግሞ ይጣበቃል፤ ግንድ ይሸጎርበታል፣ ደለል ይውጠዋል። ውሃውን ሁሉ አፍስሶ በሩን ከማየት አንድ ሰው ማስገባት ይቀላል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ዲክሲስ ላይ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ፓምፕ አውጥቻለሁ። ጮሌ መንገድ ላይ ወንዙ የድልድዩን እግር ቦርቡሮት እንደሆነ አይቻለሁ፤ «አይቻለሁ» ስል በእጄ ዳብሼ ነው እንጂ ክረምት ላይ ያ ውሃ ለዓይን የሚሆን አይደለም። በበቆጂ በኩል ደግሞ ጠዋት ውርጭ ያነጣውን ሣር እየረገጥኩ ውሃ ገብቻለሁ። ደመወዙ የብርዱን ያህል አልነበረም፤ ቢሆንም ወር ጠብቆ ይመጣ ነበር፣ እኔም ሥራዬን እወደው ነበር።

ያስተማሩኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ምጽዋ ላይ ሲጠልቁ ጎልምሰው፣ ጆሯቸውን ሲያማቸው ወደ ደጋ የተዛወሩ ሰው ነበሩ። ሲመጡ ይዘው የመጡት አንድ የሸራ ቦርሳና ጥቂት የጣሊያን ቃል ነው፤ የአየር ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው «ቦምቦላ» ነበር የሚሉት። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ከቁመታቸውም ያጠረ ነበር። ሲሊንደሩ አፍ ላይ የምትቀመጠውን የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒዋን፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያዋን ይዳስሷታል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለባት ጥፍራቸው ይይዛታል። ዘይት የነካው ጨርቅ ወደ ዕቃው ያስጠጋ ሰው ያን ቀን ምሳ አብሯቸው አይበላም። አየሩን ወደ አፋቸው ከማስገባታቸው በፊት ትንሽ ለቀቅ አድርገው ያሸቱታል። «ሆድህ የማይቀበለውን ሳንባህ ለምን ይቀበላል?» ይሉኝ ነበር።

ትልቁ ትምህርታቸው ግን ስለ መግጠሚያው ነው። ጠላቂ የታመቀ አየር ያለበትን ሲሊንደር በጀርባው ይሸከማል። ያን ኃይለኛ አየር አለስልሶ እንደ ትንፋሽ አፉ የሚያደርስለት ዕቃ ሬጉሌተር ይባላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በጭብጥ የሚያዝ ነው፤ የጠላቂው ነፍስ ያለችው እዚያች ላይ ነው። ችግሩ መግጠሚያው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በንጉሡ ጊዜ ከአሜሪካ የመጡት ሲሊንደሮቻችን አፋቸው ጠፍጣፋ ነበር፤ ሬጉሌተሩ እንደ ሞርሳ ያቅፋቸውና ከኋላ በቡሎን ይጠብቅባቸዋል። ከሶሻሊስት አገሮች የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ባለ ጥርስ ነው፤ የሲሊንደሩ አፍ ጎድጓዳ ሆኖ ሬጉሌተሩ እየዞረ ይገባበታል። ጋሽ ተክሌ ግራ ቀኙን አይተው «መንግሥት ሲለወጥ የቦምቦላው አፍም ተለወጠ» ይሉ ነበር።

ለጥንካሬ ባለ ጥርሱ ይሻላል። ጎሚኒዋ ውስጥ ተከልላ ስለምትቀመጥ ግንድ ቢመታው እንኳ ቶሎ አያፈተልክም። ባለ ሞርሳው ግን የትም ብትሄድ የሚገጥምህ ነው፤ አሮጌ ሲሊንደር ያልተቀመጠበት ግምጃ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ለመንገድ ዕቃ ሲመረጥ «የትኛው ይሻላል?» ተብሎ አይጠየቅም። «ከምን ጋር ነው የሚሄደው?» ነው ጥያቄው። ጋሽ ተክሌ እያንዳንዱን ሬጉሌተር አብሮት ከሚጫነው ሲሊንደር ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ይገጥሙታል፤ «ማጋባት» ይሉታል። ካጋቡ በኋላ አየሩን ከፍተው መጋጠሚያውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክሩና አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ ቁጭ ብለው ያዩታል። አረፋ ካልወጣ ይጫናል፤ ከወጣ ማንም ቢጠብቅ አይጫንም። በሸራ ቦርሳቸው ውስጥ ደግሞ ራሳቸው በቶርኖ የሠሯት አንዲት የነሐስ ቁራጭ ነበረቻቸው። በአንድ ወገኗ ባለ ጥርሱን ሬጉሌተር ትቀበላለች፣ በሌላው ወገኗ ጠፍጣፋውን የሲሊንደር አፍ ታቅፋለች። የማይገጥሙትን ሁለቱን ስለምታስማማ ስሟን «ሽማግሌ» ብለዋት ነበር።

ጋሽ ተክሌ ጡረታ ወጡና ቦታው ለእኔ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ከምሥራቅ ጀርመን ሁለት አዲስ ሬጉሌተሮች መጡልን፤ በእንጨት ሣጥን፣ ሣጥኑም በሽቦ ታስሮ በእርሳስ ታሽጎ። መሥሪያ ቤታችን ሁለት ሕጎች ነበሩት። አሮጌው ሳይመለስ አዲስ አይሰጥም። የታሸገ ዕቃ ደግሞ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ካልቆመ አይከፈትም። የንብረት ሹማችን አቶ በየነ እነዚህን ሕጎች እንደ ጾም የሚጠብቁ፣ ቅን ሰው ነበሩ። እኔም አሮጌዎቹን ሁለት ሬጉሌተሮች አስረክቤ የአዲሶቹን መከፈት እጠባበቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከበቆጂ ወዲያ ካለ እርሻ ስልክ ተደወለ። የግድቡ በር ጠባቂ፣ ጀማል የሚባል ወጣት፣ የተጣበቀውን በር ላላቅቅ ሲል ተንሸራትቶ ውሃ ገብቶ አልወጣም። በመንጠቆ ፈልገው አጥተውታል። ቤተሰቡ ሙስሊም ነው፤ በወጉ ቢሆን በዕለቱ መቀበር ነበረበት። መቃብሩ ተቆፍሮ ሬሳው ብቻ ነው የሚጠበቀው።

ዓርብ ጠዋት መኪናው ተዘጋጀ፣ አራት ሲሊንደር ተጫነ፤ ጠፍጣፋ አፎቹ፣ የምናውቃቸው። ሣጥኑን ለማስከፈት ንብረት ክፍል ስሄድ ከኮሚቴው ሁለቱ አሉ፣ ሦስተኛው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ገብቷል። ከውይይት መሀል ሰው መጥራት ያን ጊዜ የሚሞከር ነገር አልነበረም።

«እስኪወጣ ትጠብቃለህ ወይስ ከነእሽጉ ትፈርማለህ?» አሉኝ አቶ በየነ።

«አሮጌዎቹን ቢመልሱልኝስ?»

«ገቢ ሆነዋል፤ ለማውጣት አዲስ ጥያቄ ተጽፎ በኃላፊው መፈረም አለበት። ኃላፊውም እዚያው ክበብ ናቸው።»

መጠበቅ ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ያስቸኮለኝ ሬሳው ብቻ አይደለም፤ አዲሱን ዕቃ አንግቤ መታየትም አምሮኝ ነበር። በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ሬጉሌተር፣ ሁለት» ይላል፤ እኔም ሁለት ነው የምፈልገው፤ ከየት አገር እንደመጣ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ፈረምኩ።

የጋሽ ተክሌ ቤት ከከተማ መውጫው መንገድ ዳር ነው። የመኪናችንን ድምፅ ስለሚያውቁት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሾፌሩ ደቻሳ አቆመላቸው። ወዴት እንደምንሄድ ነገርኳቸው፤ ስለ ሟቹ አዘኑ፣ ከዚያ መኪናው ጀርባ ላይ ያለውን ሣጥን አዩት።

«አጋብተሃል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ምንም አልከበደችኝም። የከበደችኝ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ግድቡ ጋ ስንደርስ ሰው ዳርቻውን ሞልቶታል። ኮረብታው ላይ የተቆፈረው መቃብር በቅጠል ተሸፍኖ ሁለት ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል። ባዶ መቃብር ብቻውን አይተውም አሉን፤ በየተራ ነው የሚቀመጡት። የጀማል አባት ኦቦ ቃሲም ከውሃው አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «መጣህልን» አሉ።

የእሽጉን ሽቦ በፒንሳ በጠስኩ። ሬጉሌተሩን ከወረቀቱ ስፈታው ከአፍንጫው ላይ የሚያብረቀርቅ ጥርስ ወጣ። ጠፍጣፋውን የሲሊንደር አፍ አየሁ፣ ጥርሱን አየሁ፣ ሁለተኛውን ሬጉሌተር ፈታሁ፤ እሱም ባለ ጥርስ። ሞኝነት መሆኑን እያወቅሁ አስጠግቼ ያዝኩና አየሩን ትንሽ ከፈትኩት። ፉጨቱ ሸለቆውን ሞላው። ሕዝቡ ሥራ የተጀመረ መስሎት ዝም አለ።

የእርሻው መካኒክ መጥቶ «በካላማዳሪ ጎማ ጠፍረን በሽቦ ብናስረውስ?» አለኝ። የዚያን አየር ጉልበት ስለማያውቀው ነው፤ ፈንጥሮ ጭንቅላቴን ይወስደው ነበር። እንደማይሆን ነገርኩት። «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን» አለ፣ ለክፋት ሳይሆን።

ልብሴን አውልቄ በትንፋሼ ገባሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ውሃው ከስምንት ሜትር የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ግን ብርዱ ደረትን ይጨምቃል፣ የበሩ አፍ በግንድ ተዘግቷል፣ እጄ ግንዱን ሲነካ ትንፋሼ ያልቃል። በሦስተኛው ደቻሳ በገመድ ጎትቶ አወጣኝና ካፖርቱን አለበሰኝ።

ኦቦ ቃሲም አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ልጄ፣ ምን ጎደለ?»

ሁለቱን ዕቃዎች አሳየኋቸው። «አይገጥሙም አባባ።»

«ከአሰላ ስትነሣ አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

ወደ ድንጋያቸው ተመልሰው ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ለመልሱ ያዘጋጃል፣ ዝምታ ግን ምን ይባላል? ብዙ ዓመት የሠራሁበት ሥራ በዚያች ቀን አስጠላኝ።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ከበቆጂ ወዲህ ያለችው ጅረት ሞልታ አላሳልፍ ስላለችን እዚያው አደርን፤ አሰላ የገባነው ቅዳሜ እረፋድ ላይ ነው። ንብረት ክፍል ተቆልፏል። አቶ በየነ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ገጠር ለቅሶ ሄደዋል። የቀረው አንድ በር ብቻ ነበር፤ ልሄድበት የማልፈልገው።

ጋሽ ተክሌ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቴን ጭምር። አቋርጠውኝ አያውቁም፣ ያን ቀንም አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ሣጥኑን ያሸገው ማነው?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ የማታውቀውን ሰው አምነህ ነው እኔን የዋሸኸኝ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ገቡ። ሽማግሌዋን አምጥተው የሚሰጡኝ መስሎኝ ቆሜ ስጠብቅ፣ ቦት ጫማ አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የሸራ ቦርሳውን አንግበው ወጡ። «ደቻሳ፣ ባልዲ አለህ?» ብለው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እንዲቀሩ ለመንኳቸው። ጆሯቸው ብርድ አይችልም ነበር። የሰሙኝ አልመሰሉም፤ ምናልባትም እውነት አልሰሙኝ ይሆናል።

ጅረቷ ዳግም ሞልታ ስላሳደረችን ግድቡ ጋ የደረስነው እሑድ ጠዋት ነው። ኦቦ ቃሲም እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ፊታቸው ከስሏል። ጋሽ ተክሌ ሰላምታ ሰጥተው ጊዜ ሳያጠፉ ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የሽማግሌዋን ጎሚኒ በጥፍራቸው ዳሰሷት። ከዚያ ዕቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «አጋባ» አሉኝ።

ባለ ጥርሱን ሬጉሌተር ሽማግሌዋ ውስጥ አዙሬ አስገባሁ፣ ሽማግሌዋን በጠፍጣፋው አፍ ላይ አቅፌ ቡሎኑን በጣቴ አጠበቅሁ። መፍቻ አይነካውም፤ ጣት የማያጠብቀው መግጠሚያ ራሱ ሕመም አለው። አየሩን ከፈትኩና ባልዲው ውስጥ ነከርነው። ኦቦ ቃሲም ተነሥተው መጥተው ከባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«አሁን ይገጥማል?» አሉ ጋሽ ተክሌን።

ጋሽ ተክሌ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱን ይጠይቁት።»

ኦቦ ቃሲም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለተኛ ጊዜ መዋሸት አልችልም፣ እርግጠኛ ሳልሆንም «አዎ» ማለት አልፈለግሁም። «አረፋ ካልወጣ ይገጥማል አባባ። አብረን እንየው» አልኳቸው።

ሦስታችን ባልዲው ላይ ጎንበስ አልን። ሻይ ባይኖርም ጋሽ ተክሌ የሻዩን ያህል ጊዜ ጠበቁ፤ ሰዉም ምን እንደምናይ ሳይገባው አብሮን ጠበቀ። ውሃው ላይ ሰማዩና ሦስት ፊቶች ይታያሉ። አንድም አረፋ አልወጣም።

«ቶሌ» አሉ ኦቦ ቃሲም፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ታች ምን እንዳገኘሁ በዝርዝር አልጽፍም። የበሩ ሰንሰለት እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ከሁለት ግንድ መሀል ይዞት ነበር። በጨለማው ውሃ እየዳበስኩ ሰንሰለቱን ስፈታ ማጅራቴ ላይ ያለችው ያቺ የነሐስ ቁራጭ አንዴም አላሳሰበችኝም። ለጠላቂ ከዚህ የበለጠ ምቾት የለም፤ ስለ ትንፋሹ ሳያስብ ስለ ሥራው ማሰብ። ደጋ ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ አወጣጡ ዝግ ማለት አለበት፤ ዝግ ብዬ አወጣሁት። ኦቦ ቃሲም እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብተው ልጃቸውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

ቀብሩ ከእኩለ ቀን በፊት ተፈጸመ። ጋሽ ተክሌና እኔ ከሰዉ ኋላ ቆምን። ሲያልቅ ኦቦ ቃሲም መጥተው እጄን ያዙኝ። «አርፍደሃል» አሉኝ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ «ግን ተመልሰሃል» አሉ። ስንመለስ ጋሽ ተክሌ በቆጂ ላይ ሻይ አዘዙና ሽማግሌዋን ከቦርሳው አውጥተው ከብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጧት። «ከእንግዲህ አንተ ዘንድ ትቀመጥ» አሉ። ስለ ውሸቴ እስኪሞቱ ድረስ አላነሡብኝም።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ብዙ አልተለወጠም፤ ውይይቱም እሽጉም ቀጠለ። አቶ በየነ ግን ነገሩን ሲሰሙ በራሳቸው ሥልጣን የንብረት ክፍሉ በር ላይ አንድ ባልዲ አስቀመጡ። ማንም ከላይ ሳያዛቸው፣ የታሸገ ሣጥን ሲመጣ ኮሚቴው እስኪሟላ ዕቃው ከግቢ አይወጣም፣ ሳይጋባም አያስፈርሙም ነበር። ኦቦ ቃሲም ደግሞ ለገበያ አሰላ ሲመጡ በግቢያችን በር ብቅ ይሉና «ሰይፉ፣ ዛሬስ ይገጥማል?» ይሉኛል። መጀመሪያ ያመኝ ነበር። ቆይቶ ግን ገበያ ቀን ቀርተው ሲውሉ የጎደለብኝ ይመስለኝ ጀመር። ጋሽ ተክሌ ያረፉ ጊዜ ከበቆጂ ማዶ በጭነት መኪና መጥተው ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ተቀመጡ። ስለ ልጃቸው ይሁን ስለ ጋሽ ተክሌ አልጠየቅኋቸውም።

ሥራዬን ባስረከብኩ ጊዜ ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ ገባ። ሽማግሌዋ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለችም፤ ጋሽ ተክሌ ሠርተዋት፣ ማንም ገቢ ሳያደርጋት ኖራለች። ወደ ቤቴ ይዣት መጣሁ።

በቦታዬ የተተካችው ሂሩት የምትባል ጎበዝ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወደ አንድ ግድብ ልትሄድ ስትል መኪናዋን ደጄ አስቁማ ልትሰናበተኝ ገባች። ቸኩላለች፤ ሾፌሩ ሞተር እንኳ አላጠፋም።

«አጋብተሻል?» አልኳት።

«አዎ ጋሼ፣ አጋብቻለሁ» አለች።

ፊቷን አየሁት። የዋሸች አትመስልም፤ እኔም ያን ጊዜ አልመስልም ነበር። ጫማዬን አደረግሁና «ሞተሩን አጥፉት፤ ባልዲ አምጪ» አልኳት። ትንሽ ከፋት፣ ግን አመጣች።

ግቢዬ ውስጥ አጋባችው። ጆሮዬ እንደ ጋሽ ተክሌ ስለሆነ ፉጨት አልሰማም፤ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እሷም ጎንበስ አለች። ባለቤቴ ሻይ አመጣችልን፣ ቀስ ብለን ጠጣነው። ውሃው ጸጥ እንዳለ ቀረ።

«እውነት ነበር ያልኩት» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት፤ ሽማግሌዋንም ከኪሴ አውጥቼ በእጇ አስጨበጥኳት። ለመፈረም ወረቀት ስትፈልግ፣ ይህች በወረቀት የምትሰጥ አይደለችም አልኳት።